የሣቁ ባለቤት፦ አጅ ከትለርና የሶመርሴት ዘፈኖቹ

ገጠሬን መድረክ ላይ አውጥቶ ማሣቅ ከባድ ሥራ አይደለም። አነጋገሩን ማጣመም፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ መሰብሰብ፣ በትር ማስያዝ፣ ከተማ ሲደርስ አፉን ከፍቶ የሕንፃ ፎቅ እንዲቆጥር ማድረግ ይበቃል። ይህን መሰሉን ሣቅ የብዙ አገር ትያትር ለምዶታል፤ ለእኛም መድረክ እንግዳ አይደለም። ገጠሬው ራሱ መድረኩን ይዞ፣ በገዛ ዘዬው፣ ስለ ገዛ መንደሩ እየዘፈነ፣ የገዛ ጎረቤቱን ሲያሥቅ ግን የተለየ የኪነት ሥራ ይሆናል። ችግሩ ሁለቱ ሣቆች ከሩቅ ሲሰሙ መመሳሰላቸው ነው። አልባሳቱ ያው ነው፤ ዘዬው ያው ነው፤ ሞቅታውም ያው ነው። ለመለየት ዘፈኑ ለማን እንደ ተገጠመና በአዳራሹ ውስጥ የሚሥቀው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን ጥያቄ በአንድ የዘፈን ቡድን ታሪክ ለመከታተል የሚያመች ምሳሌ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሶመርሴት አውራጃ ይገኛል። አጅ ከትለር የተባለው ገጣሚና ዘፋኝ «ወርዝልስ» የሚባለውን የባላገር ቀልድና ዘፈን ቡድን በ1966 አቋቁሞ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስምንት ዓመት ያህል መራው። እሱ ሲሞት ቡድኑ አልፈረሰም፤ እንዲያውም መሥራቹ በሕይወት ሳለ አግኝቶት የማያውቀውን ገናናነት ያገኘው መሥራቹ ከተቀበረ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በአንድ ስም፣ በአንድ ልብስ፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ሁለቱንም ሣቆች ያሣቀ ቡድን ነውና ለሂስ የተመቸ ነው።

ከትለር ኖቬምበር 19 ቀን 1930 በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በፖርቲስሄድ ተወልዶ በአቅራቢያዋ በኔይልሲ አደገ። ሙሉ ስሙ አለን ጆን ነው። ኔይልሲን ዛሬ በስም ብቻ የሚያውቃት ሰው ላምና የፖም ዛፍ ብቻ ያለባት መንደር ሊያደርጋት ይችላል፤ ነገር ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድም፣ ስሙ የታወቀ የመስታወት ፋብሪካም የነበራት ቦታ ናት። ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች ባሻገር ታላቁ የብሪስቶል ወደብ አለ። ስለዚህ ከትለር የኖረበት «ገጠር» ከፋብሪካው ጭስ የራቀ አልነበረም፤ በማሳና በወደብ መካከል የሚመላለስ፣ ሰኞ ወዛደር፣ እሑድ ባላገር የሆነ ሕዝብ የሚኖርበት ዳርቻ ነበር። እሱም ራሱ በኔይልሲ የሳይደር ፋብሪካ (ሳይደር ከፖም ጭማቂ የሚጠመቅ አስካሪ መጠጥ ነው) ሠርቷል፤ በሰሜን ዌልስ በኃይል ማመንጫ ግንባታ ላይ ተቀጥሯል፤ ቀጥሎም የክላርኔት ተጫዋቹ የአከር ቢልክ ባንድ ጉዞ አስተናባሪ ሆኗል።

ይህ የመጨረሻው ሥራ ችላ ሊባል አይገባውም። ቢልክም የሶመርሴት ልጅ ነበር፤ የፔንስፎርድ መንደር ተወላጅ። «ስትሬንጀር ኦን ዘ ሾር» የተባለው ዜማው በ1962 በአሜሪካ የሸክላ ሽያጭ አንደኛ እስከ መሆን ደርሷል። የሙዚቃ ነጋዴዎች ግን ቢልክን ለሕዝብ ያቀረቡት በክብ ባርኔጣና በሽንትር ሰደርያ አስጊጠው ነው። ለንደን የአንድን ባላገር ችሎታ ሲገዛ አብሮ ልብስ እንደሚያለብሰው ከትለር በቅርብ አይቷል ማለት ነው። የራሱን ቡድን ሲያቋቁም የባላገሩን አልባሳት ራሱ መረጠ፤ ስሙንም ራሱ አወጣ። «ወርዝል» «ማንግልወርዝል» ከሚባለው፣ ለከብት መኖ ከሚዘራ ግዙፍ ሥራ ሥር የመጣ ቃል ነው። ሌላው ሰው «የከብት ቀለብ» ብሎ ሳይሰድበው በፊት ስድቡን ነጥቆ ባንዲራ አደረገው።

ለእሱ የተሰጠው የክብር ስምም ከዚሁ የቀልድ ዘር ነው። «የኤቨንማውዝ ባለቅኔ» ይሉታል። የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ታላቅ ሰው ሼክስፒር በኤቨን ወንዝ ዳር ስለ ተወለደ «የኤቨን ባለቅኔ» ይባላል። በብሪስቶል በኩል የሚያልፈው ወንዝ ስሙ ኤቨን ይሁን እንጂ ሌላ ወንዝ ነው፤ ከአፉ ላይ ያለው ኤቨንማውዝ ደግሞ መርከብ የሚራገፍበት፣ ፋብሪካ የሚጨስበት ወደብ ነው። በሁለቱ ወንዞች የስም መመሳሰል ላይ የተሠራው ይህ ቀልድ የከትለርን የሥራ ዘዴ በአንድ ሐረግ ያሳያል።

የእንግሊዝ መድረክ ለዚህ አካባቢ አነጋገር ያዘጋጀው ቦታ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ተዋናይ ሞኝ ገበሬ እንዲሆን ሲታዘዝ የትም ተወልዶ ያደገ ቢሆን የሶመርሴትን ዘዬ የሚመስል ነገር ይናገራል። ይህ በየትኛውም መንደር የማይነገር የትያትር ዘዬ «ማመርሴት» የሚል የፌዝ ስም አለው። ከትለር የተነሣው ይህን የተበላሸ ገንዘብ በእውነተኛው ለመለወጥ ነው ቢባል ያስኬዳል። በዘፈኖቹ ውስጥ የሚሰማው ዘዬ የራሱ ሰዋስው ያለው፣ የተሟላ አነጋገር ነው። «ሰ»ን ወደ «ዘ» ይለውጣል፤ ሳይደር «ዛይደር» ይሆናል። መደበኛው እንግሊዝኛ «አንተ»ንና «አንቱ»ን በአንድ ቃል ከጠቀለለ ብዙ ዘመን አልፎታል፤ የሶመርሴት ባላገር ግን ለቅርብ ወዳጁ የሚለውን የቀድሞውን «አንተ» አልጣለም። ይህን የአማርኛ አንባቢ ከማንም ይልቅ ቶሎ ይረዳዋል፤ «አንተ» የሌለበት ቋንቋ ምን ያህል ቅርበት እንደሚያጣ ያውቃልና። «ድሪንክ አፕ ዛይ ዛይደር» የሚለው የመጀመሪያ ሸክላው ርዕስ አድማጩን «አንተ» ብሎ ይጠራል፤ ከዚህ ጥሪ ውስጥ ያለው ወዳጅነት በመደበኛው እንግሊዝኛ ቢገለበጥ ይጠፋል።

ከዚህም የባሰ ርዕስ አለው። «ዚዝ ጎትን ዌር ዚ ካስንት ባክን፣ ሃስንት?» ይላል። ትርጉሙ «ወደ ኋላ ልትመልሰው ከማትችልበት ቦታ ከተትከው፣ አይደለም?» እንደ ማለት ነው፤ መኪናውን ከጠባብ መንገድ ቀርቅሮ ለተቸገረ ነጂ የሚነገር። ርዕሱን የለንደን ሰው በመጀመሪያ ሲሰማው በምን ቋንቋ እንደ ተነገረ አይለይም። እዚህ ላይ የተለመደው የመድረክ ሥርዓት ይገለበጣል፦ ከተሜው መኪና ይዞ የቆመ፣ የሚነገረው ያልገባው፣ መውጫ ያጣ ሰው ነው፤ ነገሩ ገብቶት የሚሥቀው ባላገሩ ነው።

የመጀመሪያው ሸክላ የተቀዳበት ቦታም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ኖቬምበር 2 ቀን 1966 የተቀዳው በለንደን ስቱዲዮ ሳይሆን በኔይልሲው «ሮያል ኦክ» መጠጥ ቤት፣ ሰው በሞላበት ክፍል ውስጥ ነው። ኢ.ኤም.አይ. የተባለው ትልቅ የሸክላ ኩባንያ መሣሪያውን ይዞ ወደ መንደሩ መጣ። ውጤቱን የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው አንድ ዘፋኝና አጃቢዎቹን ብቻ አይደለም፤ ክፍሉን ነው። የብርጭቆ ኳኳታ አለ፤ ከአዝማቹ አንድ ምት ቀድሞ የሚገባ ሰካራም አለ፤ የመንደር ስም ሲጠራ ከአንድ ጥግ የሚነሣ ጩኸት አለ። የከትለር ድምፅ ሰፊ አይደለም፤ ከፍ ሲል ይጠብበታል። ጥበቡ በአነጋገሩ ላይ ነው። ከዘፈን ይልቅ ለወሬ በሚቀርብ ደረቅ ድምፅ፣ ፊቱን ሳይፈታ፣ የሚያሥቀውን ቃል ከምቱ ጥቂት ዘግየት አድርጎ ይጥለዋል። ሥር የሌለው ቀልድ እንዳይሆን ደግሞ ከበስተኋላው ያሉት መሣሪያዎች ያዙታል፦ ባንጆው ይሮጣል፣ አኮርዲዮኑ ዜማውን ይሸከማል፣ እንደ ቱባ ያለው ግዙፍ የነሐስ ጥሩንባ ከታች በከባድ እግር ይረግጣል። ሥጋዊ የሆነ፣ ጭቃ ላይ የሚራመድ ድምፅ ነው።

ዘፈኑ በ1967 መጀመሪያ በብሔራዊው የሸክላ ሽያጭ ደረጃ 45ኛ ሆነ። ለለንደን ነጋዴ 45ኛ መሆን መውደቅ ነው። ግን የዘፈኑ ግብ ለንደን አልነበረም። የምዕራብ አገር ሰው በመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ጎረቤት ድምፅ ከሸክላ ላይ ሰማ፤ ከዚያ ወዲህም ዘፈኑ ከአፉ አልወጣም።

በሸክላው ጀርባ ያለው «ትዋይስ ዴይሊ» የተባለው ዘፈን ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው፤ ስለ ገበሬ ቤት ፍቅር በሁለት በኩል የሚፈታ ቃል አለበት ተብሎ ቢ.ቢ.ሲ. እንዳያሰማው ከለከለው። ይህ እገዳ በተናጠል ሲታይ ተራ ነገር ነው። ሶመርሴት በእንግሊዝ የሕዝብ ዘፈን ጥናት ውስጥ ያላትን ቦታ ለሚያስታውስ ሰው ግን ትርጉሙ ይሰፋል። የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው ሴሲል ሻርፕ ሥራውን የጀመረው በዚሁ አውራጃ፣ በ1903፣ በሃምብሪጅ መንደር፣ ጆን ኢንግላንድ የተባለ አትክልተኛ በቄሱ ቤት ጓሮ ሲያንጎራጉር ሰምቶ ነው። ሻርፕ ከቄሱ ከቻርልስ ማርሰን ጋር ሆኖ «የሶመርሴት የሕዝብ ዘፈኖች» የሚለውን መጽሐፍ በተከታታይ አሳተመ። ለዜማዎቹ ባለውለታ ነው፤ ያለ እሱ ድካም ብዙዎቹ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበሩ ነበር። ግጥሞቹን ግን ለጨዋ ቤት ሳሎንና ለትምህርት ቤት እንዲመጥኑ አጥቦና አለስልሶ አወጣቸው። አትክልተኛውና ላም አላቢዋ በሜዳ ላይ የሚባባሉት ነገር በመጽሐፉ ላይ የአበባና የጠል ወሬ ሆነ። እንግዲህ በ1903ና በ1967 መካከል ስድሳ አራት ዓመት አለ፤ የሶመርሴት ሰው ስለ ሥጋ ፈቃድ በግልጽ ሲቀልድ የሚደርስበት ነገር ግን አልተለወጠም። ልዩነቱ በ1903 የተቆረጠው ግጥም ባለቤቱ ሳያውቅ መቆረጡ፣ በ1967 የታገደው ዘፈን ደግሞ የመጠጥ ቤቱ ሰው በቃሉ ይዞት መቅረቱ ነው።

በከትለር ዘመን የነበሩ የባሕላዊ ዘፈን አፍቃሪዎች የእሱን ሥራ ከሕዝብ ዘፈን ቁጥር ለማስገባት ይቸገሩ ነበር ቢባል አያስገርምም። ደራሲው የታወቀ፣ በኩባንያ ሸክላ የተሸጠ፣ ከዚያም በላይ የሚያሥቅ ነው። ሐዘን ያለበት አሮጌ ዘፈን ክብር ያገኛል፤ ሣቅ ያለበት አዲስ ዘፈን ፈቃድ ይጠየቃል። ከትለር ግን አሮጌውን ከመዘመር ይልቅ አዲሱን መግጠም መረጠ፤ ያን የቀድሞ አትክልተኛ ያህል የመንደሩን ወሬ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነበርና ለመግጠም ሥልጣን አላነሰውም።

ከዘፈኖቹ መካከል በርዕሳቸው ብቻ የሚያሥቁ አሉ፤ የሚያሥቁበትም መንገድ አንድ ነው። «አሎሃ ሰቨርን ቢች» የሃዋይን የፍቅር ሰላምታ ከሰቨርን ወንዝ አፍ ላይ ካለች ጭቃማ መዝናኛ ጋር ያጋባል። «ቹ ማግና ቻ ቻ» የላቲን አሜሪካን ዳንስ ወደ አንዲት ትንሽ መንደር ያመጣል። «ዘ ሸፕተን ማሌት ማታዶር» የስፔይንን በሬ ወጊ የሶመርሴት የገበያ ከተማ ነዋሪ ያደርገዋል። «ሙንላይት ኦን ዘ ማላጎ» የጨረቃ ብርሃን ያረፈበትን ውኃ ሲያወድስ፣ ማላጎ ግን በብሪስቶል የሠራተኞች ሠፈር በቤድሚንስተር በኩል የሚያልፍ ምንምነት የሌለው ጅረት ነው። ሰሚው ስለ ማላጎ የማያውቅ ከሆነ የሩቅ አገር ወንዝ ሊመስለው ይችላል፤ ቀልዱም አለቀ። የሚያውቅ ከሆነ ግን ሁለት ጊዜ ይሥቃል፦ አንዴ በጅረቱ ላይ፣ አንዴ ከአሜሪካና ከደቡብ ባሕር በራዲዮ በሚመጣለት የውሸት ጨረቃ ላይ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ዘፋኝ ሁሉ ሄዶባቸው በማያውቅ የአሜሪካ ከተሞች ስም ሲዘፍን ከትለር በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት የሚወስደውን ስፍራ ስም ጠራ። ቦታውን በመውደዱ ላይ ጥርጥር የለም፤ ግን የሚወደውን አያስጌጥም። ፍግ በመበተን የአካባቢው ሻምፒዮን ስለ ሆነ ሰው ሲዘፍንም የድሉን ዝና ከፍ፣ የሥራውን ሽታ ደግሞ ሳይቀንስ ነው የሚያቀርበው።

በዚህ ዘዴ ከሁሉ ርቆ የሄደው ስለ አውሮፓ የጋራ ገበያ የገጠመው ዘፈን ነው። ብሪታንያ ወደ ማኅበሩ ለመግባት ስትጠይቅ በ1963ና በ1967 በፈረንሣይ ተቃውሞ ተመልሳለች፤ የገባችው ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 ነው። በዚህ መካከል ሚኒስትሮችና ጋዜጦች ስለ ቀረጥና ስለ ሉዓላዊነት ሲከራከሩ ከትለር «የጋራ ገበያው ስታንተን ድሩ ሲደርስ» ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ስታንተን ድሩ በጥንታዊ የድንጋይ ክበቦቿ የምትታወቅ ትንሽ መንደር ናት። ድንጋዮቹ ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ቆመውባታል፤ የብዙ መንግሥት ለውጥ አይተዋል። ከፓሪስና ከሮም የሚመጣው የአኗኗር ፋሽን ከዚህች መንደር መጠጥ ቤት ሲገባ የሚፈጠረው ግጭት ነው የዘፈኑ ጉዳይ። ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ ነው ብሎ መፈረጅ ያስቸግራል። ትልቁን የመንግሥት ቃል አውርዶ ከአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «እስቲ እዚህ ምን ትሠራልን?» ይለዋል። የብሔራዊ ጉዳይ ግጥም የሚጽፉ ሰዎች ከዚህ የሚማሩት አለ።

እዚህ ላይ ግን ጉድለቱንም ማንሣት ይገባል። ከትለር በፋብሪካም በግንባታም ላብ ያፈሰሰ ሰው ነው፤ ከታወቁት ዘፈኖቹ ግን የሥራው ክብደት በአብዛኛው የለም። የሳይደሩን ነገር ብቻ ብንወስድ፣ መጠጡ በምዕራብ እንግሊዝ ታሪክ ውስጥ ከሞቅታ በላይ የሆነ ነገር ነበር። የግብርና ቀን ሠራተኛው ከደመወዙ ከፊሉን የሚቀበለው በሳይደር ነበር፤ በመከር ጊዜ ጌታው ማሰሮውን ይሞላለታል፣ ከገንዘቡም ይቀንስበታል። ይህ አሠራር በሕግ የተከለከለው በ1887 ነው። እንግዲህ «ጠጣ» የሚለው ቃል ለሶመርሴት ገበሬ አያት የወዳጅ ግብዣ ብቻ አልነበረም፤ የአሠሪም ሒሳብ ነበር። በኔይልሲ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ፣ የመንደሩን ታሪክ እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ገጣሚ ይህን መራራ ጠብታ ከጽዋው ውስጥ ቢያስቀርልን ዘፈኑ የሚበላሽ አይመስልም፤ ይጠልቅ ነበር። ከትለር ጽዋውን አጣፍጦ አቀረበ። በሴቶቹም ላይ እንዲሁ ነው፦ በዘፈኖቹ ውስጥ የሚመጡት ሴቶች የቀልድ ማሳረፊያ ሆነው ይመጣሉ፣ የራሳቸውን ቀልድ ሳይናገሩ ይሄዳሉ። የመጠጥ ቤቱ ሣቅ የወንዶች ሣቅ ነበርና ከዚያ አጥር አልወጣም።

የቡድኑ ዝና ከአውራጃው እየሰፋ ሲሄድ የጉዞው ርቀትም ሰፋ። ምዕራብ እንግሊዝን ከዌልስ የሚያገናኘው ታላቁ የሰቨርን ድልድይ የተከፈተው በሴፕቴምበር 1966፣ ማለት የመጀመሪያው ሸክላ ከመቀዳቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። አዲሶቹ አውራ ጎዳናዎች የመንደር ዘፋኝን በአንድ ሌሊት ሌላ አውራጃ አድርሰው የሚመልሱበት ዘመን ነበር። ሜይ 5 ቀን 1974 ከትለር በሄርፎርድ ከነበረው ዝግጅት በሌሊት ሲመለስ የሚነዳት ትንሽ የስፖርት መኪና ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ፣ በቼፕስቶው አጠገብ ካለ አደባባይ ላይ ተገልብጣ ሞተ። ዕድሜው አርባ ሦስት ዓመት ነበር። ከአንድ ወር በፊት፣ ኤፕሪል 1 ቀን፣ መንግሥት አውራጃዎችን እንደገና ሲያካልል የተወለደባትን ፖርቲስሄድንና ያደገባትን ኔይልሲን ከሶመርሴት ቆርጦ «ኤቨን» ለተባለ አዲስ አውራጃ ሰጥቷቸው ነበር። የሶመርሴት ባለቅኔ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የትውልድ መንደሩ በካርታ ላይ ከሶመርሴት ውጭ ነበረች። በሕይወት ቢቆይ አንድ ዘፈን ይወጣው ነበር። (አዲሱ አውራጃ ራሱ በ1996 ፈርሷል።)

ከዚህ በኋላ ያለው የቡድኑ ታሪክ በአጭሩ የሚነገር ነው። ቶሚ ባነር፣ ቶኒ ቤይሊስና ፒት ባድ ለመቀጠል ወሰኑ፤ በ1975ም የከትለር ድርሰቶች የሚገኙበት ሸክላ አወጡ። ገጣሚው ግን ሄዷል። በ1976 መጋቢቱን ሳይሆን ሣሎኑን የለወጠ ነገር መጣ፤ «ዘ ኮምባይን ሃርቨስተር» የተባለው ዘፈን በጁን ወር የመላው ብሪታንያ አንደኛ ሸክላ ሆኖ ሁለት ሳምንት ቆየ። ዜማው በ1971 አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሜላኒ ስለ አዲስ ቁልፍና ስለ ጎማ ጫማ የዘፈነችው ነው። ወደ ገበሬ ቀልድ የተለወጠው በአየርላንድ ሲሆን በዚያ የዘፈነው ቀልደኛው ብሬንዳን ግሬስ ነበር። ወርዝልስ ሦስተኛ እጅ ሆነው ተቀበሉት። በዚያው ዓመት «አይ አም ኤ ሳይደር ድሪንከር» በ«ፓሎማ ብላንካ» ዜማ ላይ ተገጥሞ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ። በ1977 በሌላ የታወቀ ዜማ ላይ የተሠራው «ፋርመር ቢልስ ካውማን» ከ32ኛ አላለፈም።

ዜማ መዋስ በራሱ ነውር አይደለም፤ የሕዝብ ዘፈን ከጥንት ጀምሮ በተዋሰው ዜማ ሲኖር ኖሯል፤ ከትለርም የሌላውን አገር ስልት እየጠቀሰ ተሣልቋል። ስለ ኮምባይነሩ ዘፈንም ፍትሕ እንስጥ ከተባለ ውስጡ ሰው አለበት። ዘፋኙ ከሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ለብዙ ዓመታት ብቻውን በተዝረከረከ ቤት ውስጥ የኖረ ገበሬ ነው። ለጎረቤቱ የሚያቀርበው ጋብቻ የፍቅር ብቻ አይደለም፤ የእሷ መሬት ከእሱ ይበልጣል፣ እሱም ቆጥሮታል። መሬትና መሬትን ስለሚያጋባ ጋብቻ፣ ማሽኑን እንደ ጥሎሽ ስለሚያቀርብ ባል የሚናገረው ይህ ግጥም የገበሬን ቤት ለሚያውቅ አንባቢ ሁሉ ይገባዋል። ብቸኝነቱም እውነተኛ ነው።

የጎደለው ቦታው ነው። በዘፈኑ ውስጥ የመንደር ስም የለም። ፒል የለችም፣ ማላጎ የለም፣ ስታንተን ድሩ የለችም። ገበሬው ከየትም ሊሆን የሚችል ገበሬ ነው፤ ስለዚህም ከአየርላንድ ወደ ሶመርሴት ያለ ችግር ተሻገረ፣ ከሶመርሴትም ወደ ለንደኑ የ«ቶፕ ኦቭ ዘ ፖፕስ» ቴሌቪዥን መድረክ ያለ ችግር ገባ። በሮያል ኦክ ክፍል የነበረው አድማጭ ዘዬው የራሱ ስለ ሆነ የሚሥቀው በነገሩ ነበር። በቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠው ሚሊዮን ተመልካች ግን ቦታውን አያውቅም፤ የሚያየው የተለበሰውን፣ የሚሰማው «ዘ» የተባለችውን ፊደል ነው። ያ ማመርሴት የተባለ አሮጌ የትያትር ዘዬ፣ ከትለር በፊት በር ያስወጣው፣ በጓሮ በር ተመለሰ። የቡድኑ አባላት ሆን ብለው አላስገቡትም። ገጣሚ የሌለው ቡድን የሚበላው ያስፈልገዋል፤ ገበያውም የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። ፒት ባድ ሞቅ ያለ፣ ከመሥራቹ ይልቅ የሚዘፍን ድምፅ ያለው፣ አዳራሽ የሚያስነሣ ሰው ነው፤ ዕድሜ ልኩን ያደከመበትን መድረክ አንድ ሃያሲ በአንድ አንቀጽ ሊያናንቀው አይገባም። በ2016 ቡድኑ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው በመድረክ ላይ የነበረው በእሱና በባነር ጽናት ነው። በዝግጅቶቻቸውም የከትለርን ዘፈኖች አልተዉም።

ከትለር በ1967 ካወጣቸው ሸክላዎች አንዱ «ስክረምፒ ኤንድ ዌስተርን» ይባላል፤ ስክረምፒ ያልተጣራ የቤት ሳይደር ነው፤ ርዕሱም በአሜሪካው «ካንትሪ ኤንድ ዌስተርን» ላይ የተቀለደ። ያ የአንድ ሸክላ ቀልድ ዛሬ በምዕራብ እንግሊዝ የሚዘፈነውን የዚህ ዓይነት ዘፈን ሁሉ የሚጠራበት የወገን ስም ሆኗል። በስሙ ከተሠሩት ዘፈኖች ብዙዎቹ የመጠጡን ነገር ወስደው የመንደሩን ነገር ትተዋል፤ ፍግና ትራክተር ከተጠሩ ሥራው ያለቀ የሚመስላቸው ገጣሚዎች አልጠፉም። መምህሩ ስም ሲጠራ ለምን እንደሚጠራ ያውቅ ነበር።

የመጀመሪያው ዘፈኑ የደረሰበት ቦታ ግን ሌላ ነው። የብሪስቶል ሲቲ እግር ኳስ ቡድን በሜዳው በአሽተን ጌት ሲያሸንፍ ደጋፊው «ድሪንክ አፕ ዛይ ዛይደር»ን ይዘምራል። ሜዳው ያለው ማላጎ ከሚያልፍበት ከቤድሚንስተር አጠገብ ነው። ከሚዘምሩት ብዙዎቹ ከትለር ከሞተ በኋላ የተወለዱ፣ በየቀኑ ኑሯቸው እንደ ራዲዮው ሰው የሚናገሩ የከተማ ልጆች ናቸው፤ የቀድሞውን «አንተ» ለጓደኛቸው የሚሉ ጥቂቶች ይሆናሉ። አዝማቹ ላይ ሲደርሱ ግን ይሉታል፣ «ዘ»ውንም አይስቱም፤ በዚያች ሰዓት ከሜዳው ውጭ ያለ ሰው ቢሥቅባቸው የሚገዳቸው አይመስልም።